ስለ ሙዚቃ ለመናገር ስንት ቃል ይበቃል? ስለ «ሃምሳ ቃላት» ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ለእንግሊዝኛ የንግግር ፈተና ለሚዘጋጁ ሰዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። ጉዳዩ ሙዚቃ ነው። ጸሐፊው አንድ የአይልትስ (ዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ተፈታኝ ስለ ሙዚቃ ሲጠየቅ ከፍተኛ ነጥብ ያስገኙለታል ያሏቸውን ሃምሳ የእንግሊዝኛ ቃላትና ፈሊጦች ደርድረው፣ ከሥራቸው ስድስት ምክሮች አስቀምጠዋል። ምክሮቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ ተራ ቃላትን በከባድ ቃላት ተኩ፤ በእያንዳንዱ መልስ ቢያንስ ሦስት ፈሊጥ አስገቡ፤ አማርኛ ውስጥ የገቡትን የሙዚቃ ቃላት ስለምታውቋቸው ጊዜ አታጥፉባቸው፤ የባለሙያ ቃላት ጣል ጣል አድርጉ፤ ለፈተናው ሁለተኛ ክፍል አንድ መልስ በቃላችሁ ያዙ፤ «ሙዚቃ አልወድም» ብላችሁ በፍጹም አትመልሱ።

ጽሑፉ በቅን ልብ እንደተጻፈ አልጠራጠርም። ሲነበብም ይጥማል። ነገር ግን ለዓመታት ተማሪዎችን ለዚህ ፈተና ሳዘጋጅ ያየሁት አለና አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። እነዚህን ምክሮች አምኖ ፈተና ክፍል የገባ ሰው ከሚችለው እንግሊዝኛ በታች ተናግሮ ይወጣል። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ያልተማረ ሰው ቢወድቅ አንድ ነገር ነው፤ የሚችለው ሰው በተሳሳተ ዝግጅት ሲጎዳ ማየት ግን ያንገበግባል።

አስቀድሜ ፈተናው ምን እንደሚመስል ላስታውስ። የንግግሩ ክፍል በጠቅላላው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል። መጀመሪያ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ስለ ራስና ስለ ዕለት ተዕለት ነገር ትጠየቃላችሁ። ቀጥሎ ካርድ ይሰጣችሁና 1 ደቂቃ አስባችሁ እስከ 2 ደቂቃ ብቻችሁን ትናገራላችሁ። በመጨረሻ ያንኑ ርዕስ ሰፋ አድርጋችሁ ከፈታኙ ጋር ትወያያላችሁ፤ እሱም ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ነጥቡ የሚሰጠው በአራት መስፈርቶች ነው፦ ሳይደናቀፉና ሐሳብን አያይዘው መናገር፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስው እና የድምፅ አወጣጥ። አራቱም እኩል ሩብ ሩብ ይይዛሉ። ይህን የምለው የጸሐፊው ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ስለ ቃላት ብቻ ስለሚያወራ ነው። ቃላት ሩቡ ናቸው። ከባድ ቃል ፍለጋ ንግግራችሁን ካስቆመው ደግሞ የቃላቱን ሩብ ሳታገኙ የቅልጥፍናውንም ሩብ ታጣላችሁ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ምክር። ጸሐፊው «አይ ላይክ ሚዩዚክ» የልጅ ንግግር ስለሆነ በምትኩ «አይ አም አን አቪድ ሜሎሜኒያክ» በሉ ይላሉ። «ላይክ»ን አሥር ጊዜ መደጋገም ደስ እንደማይል እኔም እስማማለሁ። ሜሎሜኒያክ ግን መፍትሔ አይሆንም። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ይህን ቃል አይናገሩትም። ሙዚቃ ወዳድ የሆነ ሰው የሚለው «አይም ሪሊ ኢንቱ ሚዩዚክ» ነው። «ኢንቱ»ን ሁሉም ያውቃታል፣ ጀማሪ እንኳ። ለመውደድ እንደምትውል የሚያውቅ ግን ከቋንቋው ጋር የኖረ ሰው ነው፤ ፈታኙም ይህን ይሰማል።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ተማሪዬ እንዲህ ያለ የቃላት ዝርዝር ስታጠና ሰንብታ መጣች። ለልምምድ ያህል ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደምትወድ በእንግሊዝኛ ጠየቅኋት። «አይ አም አን አቪድ...» ብላ ቆመች። ዓይኗ ወደ ጣሪያው ሄደ፣ ጣቶቿ ጠረጴዛውን ይቧጥጡ ጀመር። «ሜሎ... ሜሎ...» አለች። ጠበቅኋት። በመጨረሻ በአማርኛ «ቲቸር፣ ቃሏ ጠፋችብኝ» አለችኝ፣ ፊቷ በላብ ወርዝቶ።

«ቃሏን ተያት። ማታ ማታ የምትሰሚው ዘፈን የለም?» አልኋት በአማርኛ።

አፍታ አልቆየችም። እንቅልፍ ሲነሳት የምትሰማው አንድ ዘፈን አለ። ወንድሟ ቤት ሳለ ጠዋት ማታ እሱን ነበር የሚከፍተው። ወንድሟ ከሄደ በኋላ ስትሰማው ልቧ ይንሰፈሰፋል፣ ግን ደግሞ ያረጋጋታል። ግጥሙን ሙሉውን አታውቀውም፤ አዝማቹን ትዘፍንና የቀረውን ታንጎራጉረዋለች። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ።

ከዚያ ያንኑ ወደ እንግሊዝኛ አመጣነው። «አይ ሊስን ቱ ኢት ዌን አይ ካንት ስሊፕ። ማይ ብራዘር ዩስድ ቱ ፕሌይ ኢት ኦል ዘ ታይም፣ ሶ ኢት ሪማይንድስ ሚ ኦፍ ሂም። አይ ኦንሊ ኖው ዘ ኮረስ፣ ሶ አይ ሃም ዘ ሬስት።» እዚህ ውስጥ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ አንድም ቃል የለም። ግን ዐረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ እዩዋቸው። «ዩስድ ቱ» ድሮ የነበረና አሁን የሌለ ልማድ ይናገራል። «ሪማይንድ» ከ«ኦፍ» ጋር በትክክል ተጣምሯል። «ኮረስ» አዝማቹን፣ «ሃም» ማንጎራጎርን ያለ ምንም መንደርደሪያ ለይተው ይጠራሉ። «ዘ ሬስት» ደግሞ የቀረውን የዘፈኑን ክፍል በሁለት ቃል ይቋጨዋል። የቃላት ሀብት የሚባለው ይህ ነው።

ጸሐፊው መስፈርቱን ቢያነቡት ኖሮ ይህን ምክር ባልሰጡ ነበር። በይፋ የወጣው የነጥብ መግለጫ ከ9 ለሚሰጠው 6 ነጥብ የሚጠብቀው በተለያየ ርዕስ ላይ በስፋት ለመናገርና ሐሳብን ግልጽ ለማድረግ የሚበቃ ቃል ነው፤ ያልተመቸ አጠቃቀም ቢኖርበትም ማለት ነው። ለ7 አንዳንድ ብዙ ያልተለመዱና ፈሊጣዊ ቃላት፣ እንዲሁም የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ የማወቅ ምልክት ይፈለጋል። ለ8 ትክክለኛውን ትርጉም ነጥሎ ማስተላለፍ ይጨመራል። «ብዙ ያልተለመደ» ማለት «ማንም የማይናገረው» ማለት አይደለም። ከ«ጉድ ሶንግ» ይልቅ «ካቺ» ማለት ለዚህ ይበቃል። «ካቺ» እኛ ጆሮ ገብ የምንለው ነው፤ አንዴ ሰምታችሁት ቀኑን ሙሉ የሚመላለስባችሁ። ሲመላለስባችሁ ደግሞ «ኢት ጌትስ ስታክ ኢን ማይ ሄድ» ትላላችሁ። ሞቅ ያለውን «አፕቢት»፣ ለስለስ ያለውን «ሜሎው»፣ የሚያረጋጋውን «ሱዚንግ»፣ ልብ የሚነካውን «ሙቪንግ» በሉት። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ «ሆንቲንግ» ነው፤ ውብ ሆኖ ሐዘን ያለበት፣ ዘፈኑ ካለቀ በኋላም አብሮ የሚሄድ ዜማ ይገለጽበታል። እነዚህን ስድስት ቃላት ከምታውቋቸው ዘፈኖች ጋር አጣምሩ፦ ይህ ዘፈን ሜሎው ነው፣ ያኛው ሆንቲንግ ነው እያላችሁ። ዘፈኑ ትዝ ሲላችሁ ቃሉን ይዞት ይመጣል። ከሃምሳው ዝርዝር ይልቅ ስድስቱን ይዞ ፈተና መግባት ይሻላል ብዬ በሙሉ ልቤ እመክራለሁ።

ሁለተኛው ምክር ስለ ፈሊጥ ነው፤ ይህ ከሁሉም የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ጸሐፊው ሙዚቃ የሚል ቃል ያለባቸውን ወይም ሙዚቃ ሙዚቃ የሚሸቱ ፈሊጦችን ሰብስበው «ስለ ሙዚቃ ስትናገሩ ተጠቀሙባቸው» ብለዋል። ችግሩ እነዚህ ፈሊጦች ስለ ሙዚቃ አለመሆናቸው ነው።

ያቀረቡትን ምሳሌ ተመልከቱ፦ «ዌን አይ ሊስን ቱ ማይ ፌቨሪት ሲንገር፣ ኢት ኢዝ ሚዩዚክ ቱ ማይ ኢርስ»። ቃል በቃል ሲታይ ያምራል። ግን «ሚዩዚክ ቱ ማይ ኢርስ» የሚባለው አስደሳች ወሬ ሲሰማ ነው። አለቃህ ነገ እረፍት ነው ሲልህ፣ ሐኪም የምርመራው ውጤት ደህና ነው ሲልህ ትለዋለህ። ዘፋኝ ሲዘፍን «ለጆሮዬ ሙዚቃ ነው» ማለት ውሃን ውሃ ይመስላል እንደ ማለት ነው። «ፌስ ዘ ሚዩዚክ»ማ ጭራሽ ሌላ ነው፤ ያጠፋ ሰው የጥፋቱን ዋጋ መቀበሉን ይናገራል። ኮንሰርት ሄዶ መድረኩ ፊት መቆም ነው ብሎ የተረዳ ተማሪ አጋጥሞኛል። አልፈርድበትም፤ ዝርዝሩ ላይ ትርጉም ሳይኖረው ነው ያገኘው።

ነገሩን በራሳችን ቋንቋ ብናየው ይቀላል። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንላለን። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው ይህን ተረት አጥንቶ፣ ምን መሣሪያ ትወዳለህ ሲባል «ከበሮ እወዳለሁ፤ ከበሮ በሰው እጅ ያምር ሲይዙት ያደናግር» ቢል ምን ይሰማናል? ተረቱን በማወቁ ደስ ይለናል፣ ግን እንዳልገባው ወዲያው እናውቃለን። ፈታኙም የሚሰማው ልክ እንደዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ፈሊጥ ራሱ እንደዚያ ከበሮ ነው።

በዝርዝሩ ላይ ካሉት ለዚህ ርዕስ በትክክል የሚሠራ አንድ አለ፤ «ስትራይክ ኤ ኮርድ»። ስሜትን መንካት፣ ውስጥን ማግኘት ማለት ነውና ስለ አንድ ዘፈን ግጥም «ዘ ሊሪክስ ሪሊ ስትራክ ኤ ኮርድ ዊዝ ሚ» ብትሉ ያስኬዳል። «ዊዝ»ን ግን አትርሱ። «ፕሌይ ባይ ኢር» ደግሞ ሁለት መንገድ አለው፦ ኖታ ሳያነብ በጆሮው ብቻ ሰምቶ ለሚጫወት ሰው በቀጥታ ይሠራል፤ መሃሉ ላይ «ኢት» ገብቶ «ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሁኔታው እናያለን ማለት ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ባይናገረው ይመረጣል። በአንድ መልስ ሦስት ፈሊጥ የሚለው ቁጥርም ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ መስፈርቱ ላይ የለም። በራሳችን ቋንቋ እንኳ በሦስት ዐረፍተ ነገር ሦስት ተረት የሚተርት ሰው ያታክታል።

ሦስተኛው ምክር፦ ጊታር፣ ፒያኖ፣ ኮንሰርት፣ ኦርኬስትራ፣ ክላሲካል፣ ክሊፕ የመሳሰሉትን ቃላት በአማርኛም ስለምንጠቀምባቸው መማር አያስፈልገንም። እዚህ ጋ ነው ጸሐፊው ትልቁን ጉድጓድ ደልድለው ያለፉት። አማርኛ ተናጋሪ ስለ ሙዚቃ በእንግሊዝኛ ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው አውቀዋለሁ ብሎ ባለፈው ቃል ላይ ነው።

«ክላሲካል»ን ውሰዱ። ብዙዎቻችን ድምፃዊ የሌለበትን፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ክላሲካል እንለዋለን። በእንግሊዝኛ እሱ «ኢንስትሩሜንታል» ነው። «ክላሲካል» የሚባለው የነባክን፣ የነሞዛርትን፣ የነቤትሆቨንን የሙዚቃ ወግ ነው፤ ዘፈን ሊኖርበትም ይችላል። በ1824 ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ በመጨረሻው ክፍሉ ሙሉ መዘምራን ይዘፍኑበታል፤ ክላሲካል መሆኑን የሚጠራጠር ግን የለም። ስለዚህ አንድ ተማሪ የሚወደውን ዘፈን ያለ ድምፅ የተሠራውን ቅጂ አስቦ «አይ ላይክ ክላሲካል» ሲል፣ ፈታኙ ስለ ሲምፎኒ ይጠይቀዋል። ተማሪው ግራ ይጋባል። ሁለቱም ጥፋተኞች አይደሉም።

«ክሊፕ»ም እንዲሁ። እኛ ለአንድ ዘፈን የተቀረጸውን ሙሉ ቪዲዮ ክሊፕ እንላለን። በእንግሊዝኛ ክሊፕ ሲባል ከረዘመ ነገር የተቆረጠች አጭር ቁራጭ ናት፤ የእኛው ክሊፕ «ሚዩዚክ ቪዲዮ» ነው።

ከቃላቱም አልፎ አማርኛችን ራሱ ይጎትተናል። «ግጥሙ ጥሩ ነው» የምንለውን ተማሪዎች «ዘ ፖኤም ኦፍ ዘ ሶንግ» ይሉታል። የዘፈን ግጥም «ሊሪክስ» ነው፤ እሱም ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ዘ ሊሪክስ አር» ይባላል። «ይህን ዘፈን የተጫወተው እገሌ ነው» ስንል ዘፋኙን ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሂ ፕሌይድ ዘ ሶንግ» ከተባለ ግን ሰሚው ሰውዬው መሣሪያ ይዞ ወይም ቴፕ ከፍቶ ነው የሚታየው። ለዘፋኙ «ሳንግ» በሉ። «አንድ ሙዚቃ ላጫውታችሁ» ማለት በአማርኛ ያምራል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሙዚቃ አይቆጠርም። «ኤ ሚዩዚክ» ወይም «ሚዩዚክስ» የሚል ነገር የለም፤ «ኤ ሶንግ»፣ «ኤ ትራክ»፣ ዘፈን የሌለበት ከሆነ «ኤ ፒስ ኦፍ ሚዩዚክ» ነው የሚባለው። «ሙዚቃ እሰማለሁ»ን «አይ ሂር ሚዩዚክ» ማለትም የተለመደ ነው። «ሂር» ሳትፈልጉት ጆሮአችሁ ሲገባ ነው፤ ወዳችሁና ፈቅዳችሁ ስታደምጡ «ሊስን ቱ» ነው፣ «ቱ»ዋ ሳትጎድል።

አንድ የሚያስደስት ልዩነት ልጨምር። አማርኛ ለየመሣሪያው የየራሱ ግስ አለው፤ ከበሮ ይመታል፣ ጥሩንባ ይነፋል፣ በገና ይደረደራል። ይህን ሀብት ወደ እንግሊዝኛ ይዞ የሚሄድ ተማሪ «ሂ ሂትስ ዘ ድራም»፣ «ሺ ብሎውስ ዘ ትራምፔት» ይላል። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ ቆጣቢ ነው፤ ለሁሉም «ፕሌይ» ይበቃዋል። «ብሎው ዩር ኦውን ትራምፔት» ከተባለማ ስለ ራስ መኩራራት ሆነ።

በዚሁ ምክር ውስጥ ጸሐፊው ስለ ድምፅ አወጣጥ «ቃሉን እስካወቃችሁ ድረስ አያሳስብም» ብለው አልፈዋል። ሩብ ነጥብ እንዲህ በአንድ መስመር አይታለፍም። የአገራችሁ ቅላጼ በንግግራችሁ መሰማቱ ጥፋት አይደለም፤ የሚፈለገው ሳይቸገሩ የሚሰሙት ንግግር ነው። በአማርኛ የለመድናቸው የሙዚቃ ቃላት ግን በእንግሊዝኛ ጫናቸው ሌላ ቦታ ነው። «ጊታር» ሲባል ጉልበቱ «ታር» ላይ ያርፋል። «ኮንሰርት» የመጀመሪያው ክፍል ላይ ጠንክሮ መጨረሻው ይደክማል። «ኦርኬስትራ»ም ጫናው መጀመሪያ «ኦር» ላይ ነው፤ እኛ እንደምንለው «ኬ» ላይ አይረገጥም። «ሚዩዚሽን» መሃሉ «ዚ» ላይ ይጠብቃል። «ኮረስ» በጽሑፍ በ«ቸ» የሚጀምር ቢመስልም «ኮ» ነው፤ መዘምራንን የሚጠራው ቃል ደግሞ አጻጻፉ ምንም ቢመስል «ክዋየር» ነው የሚነበበው። የሙዚቃ ስልት ማለት የሆነው «ዦንረ» ከፈረንሳይኛ ስለመጣ ድምፁን ይዞ ቀርቷል። በቀጥታ በመድረክ የሚቀርብ ሙዚቃ «ላይቭ» ነው፤ «ሊቭ ሚዩዚክ» ካላችሁ ሰሚው መኖር የሚለውን ግስ ይሰማል። ይህን አንድ ምሽት ጮክ ብሎ መለማመድ ዝርዝር ከመሸምደድ የበለጠ ይጠቅማል።

አራተኛው፣ የባለሙያ ቃላት ጣል ማድረግ። ብዙ አልልበትም። ሙዚቀኛ ከሆናችሁ «ሃርመኒ» እና «ቴምፖ» የቀን ተቀን ቃላችሁ ናቸውና ተናገሩ። ካልሆናችሁ ግን ቀጣዩ ጥያቄ ያጋልጣችኋል። ጸሐፊው «ክሬሸንዶ»ን የሙዚቃው ከፍተኛ ነጥብ ብለው ተርጉመውታል፤ ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፣ ትርጉሙም «እያደገ የሚሄድ» ማለት ነው። በሙዚቃ ድምፁ ቀስ በቀስ ሲጎላ ያለውን ጉዞ ይሰይማል። ሰው በተራ ንግግር ለጣሪያው እንደሚጠቀምበት አውቃለሁ፤ ግን የባለሙያ ቃል ተብሎ ሲሰጥ የባለሙያው ትርጉም ይቅደም።

አምስተኛው ምክር በቃል ስለ መያዝ ነው። ጸሐፊው ስለ አንድ ታዋቂ ዘፋኝ የተዘጋጀ የ2 ደቂቃ መልስ ሰጥተው «ይህን ብቻ ከያዛችሁ የሙዚቃ ካርድ ሁሉ ይሸፈናል» ብለዋል። ፈታኞች የተሸመደደ መልስ እንዲለዩ ሠልጥነው ነው የሚቀመጡት። መለየቱም ከባድ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍል እየቆመ እየፈለገ ይናገር የነበረ ሰው ድንገት እንደ ዜና አንባቢ ሲንቆረቆር፣ ዓይኑም አንድ ቦታ ሲተከል ማንም ያስተውላል። ካርዱም የፈለጋችሁትን አይጠይቅም። ስለ ዘፋኝ ያጠና ሰው ከልጅነቱ የሚያስታውሰውን ዘፈን፣ ወይም መማር የሚፈልገውን መሣሪያ፣ ወይም የተገኘበትን የሙዚቃ ዝግጅት ተናገር ሊባል ይችላል። ያኔ የተሸመደደውን በግድ ለማጠማዘዝ መሞከር ከርዕስ ያወጣል።

ያችን 1 ደቂቃ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ግን ላሳያችሁ። ወረቀትና እርሳስ ይሰጣችኋል። ዐረፍተ ነገር አትጻፉ፤ ጊዜው አይበቃም፣ ብትጽፉትም ታነቡታላችሁ። ያቺ ተማሪዬ በኋላ ስትለማመድ ወረቀቷ ላይ የነበሩት አራት ቃላት ብቻ ነበሩ፦ «ብራዘር»፣ «አውቶቡስ»፣ «ኮረስ»፣ «ቃሏ ጠፋ»። የመጀመሪያዋ ወንድሟን፣ ሁለተኛዋ ዘፈኑን ሳታስበው አውቶቡስ ውስጥ የሰማችበትን ቀን፣ ሦስተኛዋ የምታውቀውን ክፍል ታስታውሳታለች። አራተኛዋ በአማርኛ የተጻፈችው ዘፈኑ ሲጀምር አፏ የተያዘበትን ቅጽበት ነው። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ገና አውቶቡሱ ውስጥ ነበረች። ጭንቅላቷ ውስጥ የምትፈልገው ጽሑፍ አልነበረም፤ የሆነውን ነው የምትናገረው። ቃል ስትስትም በሌላ ትዞርበታለች። በሌላ ቃል ዞሮ ማስረዳት መቻል ደግሞ ራሱ በመስፈርቱ የተጻፈ ችሎታ ነው። «አዝማች» በእንግሊዝኛ ቢጠፋችሁ «ዘ ፓርት ዛት ሪፒትስ» በሉና ቀጥሉ። ሳትቆሙ መቀጠላችሁ ይቆጠርላችኋል።

ጽሑፉ ስለ ሦስተኛው ክፍል አንድ ቃል አለማለቱም አስገርሞኛል። እዚያ «አይ» እያሉ መቆየት አያስኬድም፤ ጥያቄው ስለ ሰዎች ሁሉ ነው። የሰው የሙዚቃ ምርጫ በዕድሜ ለምን ይለወጣል? ሙዚቃ በትምህርት ቤት መሰጠት አለበት ወይ? በስልክ መስማትና በአካል ተገኝቶ መስማት በምን ይለያሉ? ለዚህ ሌላ ዓይነት ቃል ይፈለጋል፦ «ፒፕል ቴንድ ቱ»፣ «ኢት ዲፔንድስ ኦን»፣ «ዘ ያንገር ጀነሬሽን»፣ «ቴስት ኢን ሚዩዚክ»። የመጨረሻዋን በደንብ ያዙ፤ «ቴስት ኦፍ ሚዩዚክ» አይባልም፣ «ኢን» ነው። እነዚህ የማያብረቀርቁ ቃላት ናቸው፣ ግን ሐሳብ ተሸክመው ይሄዳሉ።

የቀረው «ሙዚቃ አልወድም አትበሉ» የሚለው ምክር ነው። ፈታኙ የሚመዝነው አመለካከታችሁን አይደለም፤ እንግሊዝኛችሁን ነው። የሚጎዳው «ኖ፣ አይ ዶንት» ብሎ ዝም ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ «የስ፣ አይ ዱ» ብሎ ዝም ከማለት በምንም አይለይም። የማትወዱትን እወዳለሁ ብትሉ ቀጥሎ «ማንን ትሰማለህ? መቼ? ለምን?» ሲመጣ በማታውቁት አገር መንገድ መጠየቅ ይሆንባችኋል።

አንድ ጎልማሳ ተማሪ ይህንኑ ምክር ሰምቶ ተጨንቆ መጣ። «ቲቸር፣ እኔ ሙዚቃ አልወድም። ምን ልዋሽ?» አለኝ። «አትዋሽ፤ ለምን እንደማትወድ ንገረኝ» አልሁት። የሚሠራው ማሽን በሚጮህበት ቦታ ነው። ቀኑን ሙሉ ጆሮው ሲደነቁር ይውላል። ቤቱ ሲገባ የሚናፍቀው ጸጥታን ብቻ ነው። እንዲህ አደረግነው፦ «ቱ ቢ ኦነስት፣ አይም ኖት ማች ኦፍ ኤ ሚዩዚክ ፐርሰን። አይ ወርክ ዊዝ ኖይዚ ማሺንስ ኦል ዴይ፣ ሶ ዌን አይ ጌት ሆም፣ ዋት አይ ሪሊ ኢንጆይ ኢዝ ሳይለንስ።» ደጋግሞ አላጠናውም። አንዴ አለው፣ የራሱ ሕይወት ስለሆነ ያዘው። ከዚያ እኔ እንደ ፈታኝ ሆኜ ጸጥታ ለሰው ለምን ያስፈልጋል ብዬ ጠየቅሁት። በተሰባበረ ግን ባልቆመ እንግሊዝኛ ስለ ማሽኖቹ፣ ስለ ጆሮው፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ብቻውን ስለሚቀመጥባት ሰዓት ነገረኝ። ሰዓቴን ሳይ አራት ደቂቃ አልፏል።